አላውቅም ያልኩበት ጠመንጃ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ሽፈራው ከተማ፤

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ክረምት ሲቃረብ የሚነሣብዎ የጉልበት ሕመም ዘንድሮ እንዴት ይዞዎታል? ዓይንዎስ? የወይንሐረግ በየካቲት በጻፈችልኝ ደብዳቤ የግራው እየደከመ መሄዱን፣ አሁን አሁን ትንንሹን ብሎን በጣትዎ ዳስሰው እንደሚለዩት ነግራኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ ከዓይንዎ ጋራ ነው። እማማስ የጥርሷ ነገር ተሻላት? ወንድሜ ተክለሃይማኖት ከእርስዎ ጋራ የብረት ሠሪዎቹ ማኅበር ውስጥ በመሥራቱ ደስ ብሎኛል፤ ከባዱን ብረት እሱ ያንሣልዎ። እኔ በአምላክ ቸርነት በአካል ደኅና ነኝ። እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ ብርዱም ለቆናል። ግን ደኅንነቴ እስከ ቆዳዬ ድረስ ነው። ከዚያ በታች ያለውን ልነግርዎ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

የወይንሐረግ እህቴ፣ ይህን ለአባባ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና አንድ ነገር ልለምንሽ። ለእሳቸው አዝነሽ አንድም ቃል እንዳትዘዪ። ከብዶሽ ካቆምሽ ትንሽ አረፍ በዪና ካቆምሽበት ቀጥዪ። ደብዳቤውን በፖስታ ያልላክሁት፣ ስለ ጠመንጃ የሚያወራ ወረቀት ቀበሌ እጅ ቢገባ ለእናንተ ጣጣ ስለሚያመጣ ነው። የሚያደርስላችሁ አቶ ኃይለመለኮት እዚህ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሚሠራ፣ ለስብሰባ አዲስ አበባ የሚመጣ የታመነ ሰው ነው። ውስጡ ያለውን አያውቅም። አንብባችሁ ስትጨርሱ አቃጥሉት።

አባባ፣ ከሩቁ ልጀምር። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ለትምህርት ወደዚህ ወደ ጄኔቭ ስመጣ «አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ አይምጡ፣ ይደክምዎታል» ብዬ ከቤት ደጃፍ ተሰናበትኩዎ። ድካምዎን አስቤ አልነበረም። አብረውኝ የሚሄዱት ልጆች አባቶች ካፖርት ለብሰው እንደሚመጡ አውቅ ነበር። የእርስዎ እጅ በላምባ ቢታጠብም የማይለቅ የቅባት ጥቁረት ነበረው፤ እሱን እንዳያዩብኝ ነው። እርስዎ «እሺ ልጄ» አሉና በሩን ይዘው ቆመው ቀሩ። ያወቁብኝ ይመስለኛል። እኔ ግን ታክሲ ውስጥ ገብቼ እፎይ አልኩ።

ከዚያም በፊት የሆነ አለ። ልጅ ሳለሁ አንድ ሹም ጠመንጃ ሊገዙ ሲሉ እንዲያዩላቸው አስጠርተውዎ፣ እኔም መሣሪያ የያዘውን ከረጢት ተሸክሜ ተከትዬዎ ሄጄ ነበር። ግማሽ ቀን ሙሉ ጠመንጃዎቹን አገላብጠው አይተው፣ የትኛው ገንዘቡን እንደሚያወጣና የትኛው እንደማያወጣ ነገሯቸው። ሲጨርሱ ከደጅ እንደቆሙ ጠላ በቅል ሰጡዎ። ከግቢው ወጥተን ጥቂት እንደሄድን አሽከሩ ቅሉን ከግንቡ ጋራ አላትሞ ሲሰብረው ሰማሁ። ቀጥቃጭ የጠጣበት ነዋ። እርስዎም ሰምተዋል። እርምጃዎ ግን አልተለወጠም፤ እጄን ይዘው ስለ በርሜል ያስረዱኝ ጀመር። ያን ቀን የእርስዎን ትዕግሥት መውረስ ሲገባኝ የቅሉን ድምፅ ወረስኩ።

እዚህ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ሰርቬት በሚባለው ሰፈር በአንድ ኢትዮጵያዊ ቤት ፋሲካን ለመፈሰክ ተሰበሰብን። ቤቱን የሞላው ከአዲስ አበባ የወጣ ሹምና የሹም ልጅ ነው። ሁሉም የተወረሰበትን ሲያነሣ ሲጥል ቆይቶ አንዲት ትልቅ ሴት ወደ እኔ ዞረው «አንተስ የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። «የባላምባራስ ሽፈራው» አልኩ። «አገሩስ የት ነው?» አሉ። «ቡልጋ» አልኩ። «ርስት ነበራችሁ?» ሲሉኝ «ተወረሰ» አልኩ። ከንፈራቸውን መጠጡልኝ፤ ሥጋም ጨመሩልኝ። በአንድ ምሽት የሠራተኛ ሰፈሩን ባለሙያ ቀብሬ፣ ስምዎን ለማላውቀው ሰው ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ ውሸቱ መጠበቅ ፈለገ። ሻትሌን በሚባል ቦታ ባለ አንድ የጥገና ክፍል የጽሕፈት መኪና እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ፤ እንደ እርስዎ በእጄ ነው የማድረው። ሰው ሲጠይቀኝ ግን «ቢሮ ነኝ» እላለሁ። ጠዋት ከረባት አስሬ እወጣና እዚያ ስደርስ ቱታ እለብሳለሁ። ማታ ጥፍሬን በብሩሽ ፍቄ ነው ከሰው የምቀላቀለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ቨርሷ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ጋሼ ሀብተሥላሴ የሚባሉ ሰው ይኖራሉ። በጃንሆይ ጊዜ በአንድ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ነበሩ፤ ለውጡ ሲመጣ ለስብሰባ እዚህ ነበሩና በዚያው ቀሩ። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ይባላሉ፤ ሕብስት የምትባል በሕፃናት ማቆያ የምትሠራ ልጅ አለቻቸው። ሳንባዬን ታምሜ በተኛሁ ጊዜ ጋሼ ሀብተሥላሴ በየቀኑ በባቡር እየመጡ ሾርባ ያቀብሉኝ ነበር። እንደ ልጅ ነው ያዩኝ። ከሕብስት ጋራም ተዋደድን፤ ሁለት ዓመት ሆኖናል። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልልክ ተስማምተን ነበር። ለእናንተ ያልጻፍኩበትን ምክንያት ኋላ እነግርዎታለሁ።

ጋሼ ሀብተሥላሴ በወጣትነታቸው አርሲ ውስጥ ቆቅና ጅግራ የሚያድኑባት አንዲት ጠመንጃ ነበረቻቸው። ያቺ እርስዎ «ጎትት» ይሏት የነበረችው፣ በግራ እጅ ከበርሜሉ ሥር ያለውን እንጨት ወደ ኋላ ሲጎትቱት ባዶውን ቀለህ የምትተፋ፣ ወደ ፊት ሲገፉት አዲሱን የምትጎርስ አሜሪካ ሠራሽ ናት። በአሰሳው ጊዜ ከቤታቸው ተወሰደችባቸው። እዚህ አንድ ጡረተኛ ጎረቤታቸው በአየር ላይ የሚወነጨፍ የሸክላ ዒላማ ወደሚተኮስበት ሜዳ ወሰዳቸውና የድሮው ፍቅር ተቀሰቀሰባቸው። ጋዜጣ ላይ ዙሪክ ያለ የአሮጌ መሣሪያ ሱቅ እንዲህ ያሉ ጠመንጃዎች እንደሚሸጥ አነበቡ። እኔ ዙሪክ ለስድስት ወር የሥራ ሥልጠና ወስጄ ስለነበር ጀርመንኛ እሞካክራለሁ፤ «አብረኸኝ ሂድና አስተርጉምልኝ» አሉኝ። በመጋቢት አንድ ቅዳሜ በጠዋት ባቡር ተሳፈርን። መንገዱን ሁሉ ስለ አርሲ ሲያጫውቱኝ ሕፃን መስለው ነበር።

ሱቁ በአሮጌው ከተማ በጠባብ መንገድ ላይ ነው። ባለሱቁ ነጭ ጸጉር ያለው ትሑት ሰው፣ አረንጓዴ ጨርቅ ዘርግቶ ሁለት ጎትት አጋደመልን። አንደኛዋ ቀለሟ ተገፎ ግራጫ የሆነች፣ ሰደፏ የተጫጫረ ናት። ሁለተኛዋ ግን ጥቁር ሰማያዊ ሆና ታበራለች፤ እንጨቷም ማር ይመስላል። ሁለቱም ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ናቸው አለን። የምታበራይቱ ዋጋዋ ከፍ ያለ ነው፤ «ከፋብሪካ እንደወጣች ናት፣ ማንም አልነካካትም» አለ። ተረጎምኩላቸው።

አባባ፣ እጄ እኔን ሳይጠይቅ ሄደ። ገና በሰባት ዓመቴ እንዳስተማሩኝ፣ በርሜሉ ላይ የተመታውን ጽሑፍ በአውራ ጣቴ ጥፍር ዳሰስኩት። የግራጫዋ ፊደል ጥፍር ይይዛል፤ ጠርዙ እንደተመታበት ቀን ስል ነው። የምታበራይቱ ፊደል ግን ያለቀ ሳሙና ላይ እንደ ተጻፈ ሟሟ ብሏል። ተፍቃ፣ ተወልውላ፣ እንደገና ቀለም ተነክራለች ማለት ነው። ብሎኖቿን አየሁ፤ አናታቸው በመፍቻ ተቦጫጭሯል። ሆዷ ሥር ያለውን ቁጥርና በርሜሉ መጋጠሚያ ላይ ያለውን ቁጥር አነበብኩ፤ አይገናኙም። የሌላ ጠመንጃ በርሜል ነው የተገጠመላት። ከዚያ ባለሱቁ በርሜሉን ነቅሎ ሰጠኝና ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዤ በውስጡ አየሁ። ከመካከሉ ትንሽ ወደ ኋላ ጠቆር ያለ ቀለበት ነበረ። በርሜሉ አንድ ጊዜ አብጦ ነበር። እብጠቱን ከውጭ ቀጥቅጠው መልሰውታል፤ ሞርደው አለስልሰውታል፤ እዚያ ቦታ ላይ ብረቱ ሳስቷል። የሚጎትት ሰው ግራ እጅ የሚያርፈው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ቀለህ የሚጎርስበትንም አፍ በጣቴ ለካሁት፤ የዛሬ ዘመን ቀለህ ሲፈነዳ የሚዘረጋበትን ያህል ጥልቀት የለውም። እርስዎ ቢሆኑ «ይህን ግድግዳ ላይ ስቀለው እንጂ እንዳትተኩስበት» ይሉ ነበር። ግራጫይቱ ግን ንጹሕ ናት፤ ቁጥሯም አንድ ነው። ዋጋ ያላት እሷ ነበረች።

ይህን ሁሉ ለማየት ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። ጋሼ ሀብተሥላሴ የምታበራይቱን ትከሻቸው ላይ አስደግፈው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «ቢረሳው፣ ምን ትላለህ? ልውሰዳት?» አሉኝ።

የምናገረው ምላሴ ላይ ነበር። ከተናገርኩ ግን «ይህን ከየት ተማርክ?» ይሉኛል። የባላምባራስ ልጅ የበርሜል እብጠት አያውቅም። ሽማግሌ የምልክበት ቀን ደግሞ ቀርቧል። ስለዚህ ሳቅሁና «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ስለ ጠመንጃ ምን አውቃለሁ? እኛ ቤት ጠመንጃ የሚነካው አሽከር ነበር» አልኩ።

አሽከር አልኩዎ፣ አባባ። በዚያው በእርስዎ ጥበብ ጠመንጃውን መርምሬ፣ የእርስዎን ጣት ተውሼ፣ በዚያው አፍ አሽከር አልኩዎ። እሳቸውም ትንሽ አዩኝና ሳቁ፤ ከዚያ ወደ ባለሱቁ ዞረው የምታበራይቱን ገዙ። ስንመለስ ጠመንጃዋን እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ነበር። እኔ በመስኮት ሜዳውን እያየሁ ‹አንዴ ሁለቴ ቢተኩሱባት ምንም አትሆን ይሆናል› እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ለአንድ ወር ተኩል በየምሽቱ ያንኑ እል ነበር። ስልክ አንሥቼ «አይተኩሱባት» ለማለት ስንት ጊዜ ቁጥሩን ጀምሬ ተውኩት።

በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ሐሙስ፣ ሥራ ላይ ሳለሁ ሕብስት ደወለች። ድምፅዋ የእሷ አልመስል አለኝ። በሦስተኛው ተኩስ በርሜሉ ግራ እጃቸው ላይ ፈንድቷል። መነጽር አድርገው ስለነበር ዓይናቸው ተርፏል። ትንሿንና የቀለበት ጣታቸውን ግን ሐኪሞቹ ሊያድኑላቸው አልቻሉም። የሠላሳ ስምንት ዓመት የጋብቻ ቀለበታቸውን ጎረቤታቸው ሣሩ ውስጥ ሲፈልግ ውሎ ተጣሞ አገኘውና ለእትዬ ጥሩወርቅ በመሐረብ ጠቅልሎ አመጣላቸው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ እየሄድኩ ጠየቅኳቸው። ብርቱካን እየላጥኩ አጎረስኳቸው፤ ጫማቸውን አሰርኩላቸው። እትዬ ጥሩወርቅ «ወንድ ልጅ ባልወልድ እግዜር አንተን ሰጠኝ» እያሉ ሲመርቁኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሼ ሀብተሥላሴ ማንንም አልወቀሱም። «ዕውር ሆኜ ገዛሁ» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ይህንኑ ሲደግሙት አላስቻለኝም።

ቨርሷ ቤታቸው፣ ሳሎን ነበርን። «ጋሼ፣ እርስዎ ዕውር አልነበሩም። እኔ አይቼው ነበር» አልኩ። በርሜሉ ውስጥ ያየሁትን ቀለበት፣ ቁጥሮቹን፣ ፊደሎቹን ሁሉ ነገርኳቸው። አንገቴን ደፍቼ ስለነበር ፊታቸውን አላየሁም። ከዚያ የተናገሩት እስከ ዛሬ ይሰማኛል፤ «ማየትህን አውቃለሁ» አሉኝ። ቀና አልኩ። «ጥፍርህ ፊደሉ ላይ ሲሄድ አይቼሃለሁ። በርሜሉን ወደ ብርሃን የያዝክበት አያያዝ የአዋቂ አያያዝ ነው፤ እንዲያ የሚይዝ ሰው በዕድሜዬ አንድ ሁለት ነው ያየሁት። ለዚህ ነው የጠየቅኩህ። አላውቅም ስትለኝ ልጁ በትሕትናው ነው አልኩ፤ እንከን ብታይ ኖሮ እንደማትደብቀኝ አምኜ፣ ዝምታህን እንደ ምስክርነት ቆጥሬ ገዛሁ።»

አባባ፣ እጄን ያመኑት ሰው ነበሩ። የእርስዎን እጅ ማለቴ ነው።

ከዚያ «ማነው ያስተማረህ?» አሉኝ። «አባቴ» አልኩ። «ባላምባራስ?» አሉ። «ባላምባራስ የሚባል የለም፤ አባቴ ሠራተኛ ሰፈር ያለ ጠመንጃ ሠሪ ነው» አልኩ። በዚህ መካከል እትዬ ጥሩወርቅ ሻይ ይዘው ገብተው ቆመው ኖሯል። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። በሩ ሲዘጋ ጋሼ ሀብተሥላሴ ስምዎን ደግመው ጠየቁኝና «ሽፈራው ከተማ» ስላቸው በደኅናው እጃቸው ግንባራቸውን ያዙ። «ከአንድም ሁለት ጊዜ ልኬበት አሠርቻለሁ። በአሽከር ነበር የምልከው። ሥራውን አውቀዋለሁ፤ ፊቱን አይቼ አላውቅም» አሉ። 

ሕብስት በማግሥቱ ሐይቁ ዳር ጠራችኝ። እናቷ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅሱ ማደራቸውን፣ «ከቀጥቃጭ ጋራ ደማችንን ልንቀላቅል!» እስከ ማለት መድረሳቸውን አልደበቀችኝም። እሷ ራሷ ያስቆጣት ሌላ ነው። «ሌላስ ምን ዋሸኸኝ?» አለችኝ። ቢሮ እንደማልሠራ ነገርኳት። ቡልጋን ረግጬ እንደማላውቅ ነገርኳት። ከዚያ «አባትህ ስለ እኔ ያውቃሉ?» አለችኝ። «አያውቁም» አልኩ። ለእናንተ ብጽፍ ደስ ብሏችሁ ለእነሱ ደብዳቤ ትልካላችሁ፣ እርስዎም በፊርማዎ ላይ አቶ ብለው ይጽፋሉ ብዬ ነበር የፈራሁት። «እሳቸውን ከእኛ፣ እኛን ከእሳቸው ደብቀህ፣ አንተ በመካከል ብቻህን ምን ልታደርግ ነበር?» አለችኝ። እስካሁን ጨርሳ እሺም እምቢም አላለችኝም። ስደውል ታነሣለች፤ አጭር ታወራለች።

በግንቦት ማለቂያ ጋሼ ሀብተሥላሴ «ዙሪክ እንሂድ፤ ያኔ ለእኔ ልትነግረኝ ይገባህ የነበረውን ለባለሱቁ ትነግርልኛለህ» አሉኝ። በርሜሏ የተሰነጠቀውን ጠመንጃ በጨርቅ ጠቅልለን ሄድን። ባለሱቁ መጀመሪያ ተከራከረን፤ ያልሆነ ቀለህ አጉርሳችሁባት ነው አለ። በተሰባበረ ጀርመንኛዬ ፊደሉን፣ ሁለቱን ቁጥሮች፣ ከስንጥቁ አጠገብ ያለውን የመዶሻ ምልክት አንድ በአንድ አሳየሁት። አጉሊ መነጽሩን አምጥቶ ብዙ አየ። ፊቱ ጠቆረ። ከአንድ ሟች ወራሾች ቤት ሙሉውን ጠቅልሎ እንደገዛቸው፣ ውስጡን በደንብ ሳያይ እንዳስቀመጣት አመነ፤ የተቀበለውንም መለሰ። ከዚያ «ይህን የት ተማርክ?» አለኝ። በመጋቢት የሸሸሁት ጥያቄ ነው። «አባቴ ጠመንጃ ሠሪ ነው» ለማለት ቃሉን በጀርመንኛ ስላላወቅሁት በእጄ እያሳየሁ ሳስረዳው «ቡክሰንማኸር!» አለና ቆሞ እጄን ጨበጠኝ። ስንወጣ ከበሩ በላይ ቀና ብዬ አየሁ። ያ ቃል በወርቅ ቀለም ተጽፎ፣ ከሥሩ የአባቱና የአያቱ ስም ተዘርዝሮ ነበር። በመጋቢት ስንገባ አይቼው፣ የሱቁ ስም መስሎኝ አልፌው ነበር። በአገራችን ቅል የሚያሰብረው ቃል እዚህ በደጃፍ ይሰቀላል። ይህን ሳውቅ ኩራት ይሰማኛል ብዬ ነበር፤ የተሰማኝ እፍረት ብቻ ነው። እርስዎን ለማክበር የፈረንጅ ሰሌዳ ማየት አያስፈልገኝም ነበርና።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ከጋሼ ሀብተሥላሴ ጋራ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ሎዛን አልፈን ሐይቁ ሲታይ «ለእኔ ተናግረሃል። ለአባትህ ጻፍለት። እኔ ስለ ጣቴ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ስለ እሱ ግን ይቅር ልልህ አልችልም፤ የእኔ አይደለምና» አሉኝ። ይህ ከሆነ ሁለት ሳምንት አለፈው። እስከ ዛሬ ብዕሩን አንሥቼ እየጣልኩ ነበር።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ደብዳቤው ያምር ነበር። ግን ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ባለፈው እሑድ ሻትሌን ውስጥ አንድ ሰው እናቱ አዲስ አበባ ሞተውበት ልቅሶ ደረስን። ያቺ የፋሲካዋ ትልቅ ሴት እዚያ ነበሩ። ለማያውቁኝ እንግዶች ሲያስተዋውቁኝ «የባላምባራስ ሽፈራው ልጅ ነው፤ የጨዋ ልጅ» አሉ። ከሃያ ያላነሰ ሰው ነበረ። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁና ተቀመጥኩ። ጋሼ ሀብተሥላሴ ከማዶ ወንበር ሆነው አዩኝና ዓይናቸውን ወደ ምንጣፉ መለሱ።

ስለዚህ አባባ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ የምለምንዎ ይቅርታውን አሁን እንዲሰጡኝ አይደለም። ያስቀምጡልኝ። ምን ዓይነት ልጅ እንዳለዎት ግን ማወቅ አለብዎት፤ በእርስዎ እጅ ያደገ ሰው ሸቀጡን እንከኑን ሳይደብቅ ማሳየት ነበረበትና ይኸው አሳየሁዎ። በእነዚያ ሰዎች ፊት ቆሜ ስምዎን ያለ ባላምባራስ ብቻውን የጠራሁ ዕለት እጽፍልዎታለሁ። ያን ጊዜ የወይንሐረግ ታንብብልዎና የሚሉኝን ይበሉኝ።

እማማን አንገቷን አቅፌ ስሜያታለሁ፤ ከማዘን ይልቅ ትቆጣኝ። ተክለሃይማኖት ሆይ፣ ከአባባ እጅ ሥር ያለህ አንተ ነህ፤ ጓደኞችህ የማን ልጅ ነህ ሲሉህ እንደ እኔ እንዳታደርግ። የወይንሐረግ፣ እስከዚህ ድረስ ስላነበብሽ እግዜር ያክብርልኝ፤ ድምፅሽ እንዴት እንደሆነ ከዚህ ሆኜ እሰማዋለሁ። ከግድግዳው ማዶ ላሉት ጎረቤታችን ለእትዬ ዘነበወርቅ ሰላምታዬን አቅርቡልኝ፤ ስለ ደብዳቤው ምን ጻፈ ቢሏችሁ ደኅና ነው በሏቸው። አባባ፣ ያንን ጥቁረቱ የማይለቅ እጅዎን በሁለቱም በኩል ስሜዋለሁ።

ልጅዎ ቢረሳው ሽፈራው፣ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ

ጄኔቭ፣ ሰርቬት
ሰኔ ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.